የፎስፎሪክ አሲድ መጣራትና የጐጃም ቀይ ዐፈር፤ አጭር የታሪክ ጥናት

በክረምት መግቢያ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው፥ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ ማዳበሪያ የጫኑ የጭነት መኪናዎች በጠመዝማዛው መንገድ ተከታትለው ቀስ በቀስ ሲወጡ ያያል። ጭነቱ ባሕር ተሻግሮ በጅቡቲ ወደብ በኩል የገባ ነው። ገበሬው ለብዙ ዘመን «ዳፕ» በሚል ስም ያወቀው፥ በ2006 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በአብዛኛው «ኤን.ፒ.ኤስ.» በተባለው የተለወጠው ይህ ጠጠር መሰል ነገር ከምን ተወለደ ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱ ወደ አንድ ፈሳሽ ይመራናል፤ እርሱም ፎስፎሪክ አሲድ ነው።

ስለ ማዳበሪያ ዋጋና ስለ ሥርጭቱ ብዙ ይነገራል። ስለ አሲዱ ግን፥ ይልቁንም አሲዱ እንዴት እንደሚጣራና ከእርሱ የተለየው ዝቃጭ ወዴት እንደሚሄድ እምብዛም ሲነገር አንሰማም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማጣራቱን ሥራ ታሪክ ከመነሻው ተከትዬ፥ ነገሩ ለጐጃም ደጋ ገበሬ ምን ትርጕም እንዳለው ለማሳየት እሞክራለሁ። ዋናው አሳቤም ይህ ነው፤ ኬሚስቱ በፋብሪካ ውስጥ እንደ ጠላት ቈጥሮ የሚሸሻቸው ብረትና አሉሚኒየም፥ በጐጃም ቀይ ዐፈር ውስጥ ተቀምጠው ማዳበሪያውን የሚጠብቁት እነዚያው ናቸው። በፋብሪካው የተገኘው ትምህርት ለማሳው ካልተረፈ፥ ገበሬው በብድር የገዛውን ፎስፎረስ አብዛኛውን ለዐፈር ገብሮ ይቀራል።

ከአጥንት እስከ ድንጋይ

ፎስፎረስን መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው ሄኒግ ብራንት የተባለ የሐምቡርግ ሰው ነው። በ1669 (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ታሪክ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር፥ የኢትዮጵያው ግን በዓመተ ምሕረት ነው) ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ብዙ ሽንት ሲያፈላ፥ በጨለማ የሚያበራ ነገር አገኘ። ከመቶ ዓመት በኋላ ጋንና ሼሌ የተባሉ የስዊድን ሊቃውንት ይኸው ነገር በአጥንት ውስጥ መኖሩን አረጋገጡ። በ1840 ጀርመናዊው ሊቢግ ዕፀዋት ከዐፈር የሚወስዱትን ማዕድን መልሶ መስጠት እንደሚገባ ጻፈ፤ አጥንትን በሰልፈሪክ አሲድ ማብላላት እንደሚጠቅምም አመለከተ። በ1842 እንግሊዛዊው ጆን ቤኔት ሎውዝ ይህን ሥራ በስሙ አስመዝግቦ፥ በሎንዶን አጠገብ በዴፕትፎርድ ፋብሪካ አቋቋመ። «ሱፐርፎስፌት» የተባለው ማዳበሪያ እንዲህ ተጀመረ።

አጥንት ግን ለዓለም አልበቃም። ስለዚህ ፎስፌት ያለበት ድንጋይ ተፈለገ። ፍሎሪዳ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ተከፈተች፤ ሞሮኮም በ1920 የፎስፌት መሥሪያ ቤቷን አቋቁማ በሚቀጥለው ዓመት በኹሪብጋ ማውጣት ጀመረች። ከድንጋዩ አሲዱን ለይቶ የማውጣቱ ሥራ እየተሻሻለ ሄዶ፥ በ1930ዎቹ በካናዳ ትሬይል በተባለ ስፍራ የዶር ኩባንያ ዘዴ ጠንከር ያለ አሲድ ያለ ማቋረጥ ለማምረት በቃ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ አሲድ ከአሞኒያ ጋር ተዋሕዶ ዳይአሞኒየም ፎስፌት፥ ማለት ዳፕ፥ ሆነ። በአሜሪካ የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ባደረገው ምርምር ዳፕ በ1960ዎቹ በዓለም ገበያ ተስፋፋ። በ100 ኪሎ ዳፕ ውስጥ 18 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ ይገኛል።

ጕድፉ ከየት ይመጣል?

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ድንጋዩ ይፈጫል፤ ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ካልሲየሙ ከሰልፌቱ ጋር ተጣምሮ ጀሶ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ፎስፎሪክ አሲዱ በማጣሪያ ጨርቅ ያልፋል። ለአንድ ቶን ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ አምስት ቶን ያህል ጀሶ ይወጣል። ከማጣሪያው የሚወርደው አሲድ 30 በመቶ ያህል ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ ሲኖረው፥ በእንፋሎት ተቀቅሎ ወደ 54 በመቶ ሲደርስ ለገበያ ይቀርባል።

ነገር ግን ድንጋይ ንጹሕ አይደለም። አሲዱ ፎስፌቱን ሲያሟሟ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ሌላውንም ያሟሟል። ስለዚህ በፈሳሹ ውስጥ ብረት፥ አሉሚኒየም፥ ማግኒዚየም፥ ፍሎሪን፥ አርሰኒክ፥ ካድሚየምና ዩራኒየም ይገኛሉ፤ ከጥንት ሕያዋን የተረፈ ካርቦን ያለበት ነገርም ስላለ አሲዱ አረንጓዴ ወይም ጥቍር ሆኖ ይታያል።

ከእነዚህ መካከል ለፋብሪካው ባለቤት ይበልጥ የሚከብዱት መርዘኞቹ ሳይሆኑ ብረትና አሉሚኒየም መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። ሁለቱ ከፎስፌቱ ጋር ተጣብቀው በጋኑ ሥር እንደ አተላ ይዘቅጣሉ። አተላው ቧንቧ ይደፍናል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊሸጥ የሚገባውን ፎስፌት ይዞ ይቀራል። ስለዚህ የድንጋይ ገዢ ከፎስፌቱ መጠን ቀጥሎ የሚጠይቀው የብረቱንና የአሉሚኒየሙን መጠን ነው፤ ከበዛበትም አይገዛም ወይም ዋጋውን ይቀንሳል።

በአገራችንም በወለጋ በጊምቢ አጠገብ የሚገኘው የቢቂላል ፎስፌት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አፓታይት የተባለው ማዕድን በዚያ የሚገኘው ብረትና ቲታኒየም ከያዙ ማዕድናት ጋር ተቀላቅሎ፥ በመጠኑም አንሶ ነው። እንግዲህ እዚያ የማጣራቱ ሥራ የሚጀምረው አሲድ ከመሠራቱ በፊት፥ ድንጋዩን ፈጭቶ ማዕድኑን ከማዕድን በመለየት ነው ማለት ነው።

የማጣራት ዘዴዎች

ንጹሕ አሲድ ለማግኘት መጀመሪያ የተያዘው መንገድ እሳት ነበር። ፎስፌቱ ከከሰልና ከአሸዋ ጋር በኤሌክትሪክ እቶን ሲቀልጥ፥ ፎስፎረሱ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ ብረቱና ሌላው ጕድፍ በእቶኑ ይቀራል። ፎስፎረሱ ተቃጥሎ በውኃ ሲያዝ አሲድ ይሆናል። ከፎስፎረሱ ጋር አብሮ የሚያመልጠው ዋና ጕድፍ አርሰኒክ ስለሆነ፥ እርሱን በሰልፋይድ አዝቅጦ ማጣራት በቂ ነበር። የምግብና የመድኃኒት አሲድ ለብዙ ዓመታት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ እቶኑ የሚበላው ኤሌክትሪክ እጅግ ብዙ ነው። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር የኃይል ዋጋ አብሮ ወጣ፤ ኢንዱስትሪውም ርካሹን የሰልፈሪክ አሲድ መንገድ ይዞ፥ ከዚያ የሚገኘውን ቈሻሻ አሲድ በኋላ ማጥራት እንደሚሻል ተረዳ።

ለዚህ የተገኘው ዋና ዘዴ በሟሚ ፈሳሽ መለየት ነው። ይህም እንዲህ ነው፤ ከውኃ ጋር እንደ ዘይት የማይዋሐድ አንድ ፈሳሽ ከአሲዱ ጋር ይበጠበጣል። ፎስፎሪክ አሲዱ ከውኃው ወጥቶ ወደዚያ ፈሳሽ ይገባል፤ ብረቱ፥ አሉሚኒየሙ፥ ማግኒዚየሙና አብዛኛው ካድሚየም ግን በውኃው ይቀራሉ። ከዚያ ሁለቱ ፈሳሾች ሲረጉ ይለያያሉ፤ የላይኛው በጥቂት ውኃ ይታጠባል፤ በመጨረሻም በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ አሲዱን ይመልሳል። ፈሳሹም እንደገና ለሥራ ይውላል። በእስራኤል የማዕድን ኢንዱስትሪ ምርምር ተቋም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአልኮል መሰል ፈሳሾች ይህን መንገድ ከፈተ። በእንግሊዝ የኦልብራይትና ዊልሰን ኩባንያ በዋይትሄቨን በ1970ዎቹ ሌላ ሟሚ ይዞ ተከተለ፤ የቤልጅጉ ፕሬዮንም የራሱን ዘዴ አወጣ። በሞሮኮ በጆርፍ ላስፋር ወደብ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የተጀመረው የተጣራ አሲድ ፋብሪካ የዚሁ ትምህርት ፍሬ ነው።

ቀሪው ጕድፍ ለየራሱ መድኃኒት አለው። ለፍሎሪን ሶዲየምና ሲሊካ ጨምሮ ማዝቀጥና በእንፋሎት ማባረር፥ ለሰልፌት ካልሲየም ወይም ባሪየም፥ ለቀለሙ ልዩ ከሰል ያገለግላል። ዩራኒየም እንኳ የሚፈልገው አግኝቶ በ1970ዎቹ በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ ባዘጋጀው ዘዴ በፍሎሪዳ ከአሲዱ እየተለየ ተሸጧል።

የጠራው ለማን፥ ያልጠራው ለማን?

እዚህ ላይ ታሪኩ ከኬሚስትሪ ወጥቶ የኢኮኖሚ ጥያቄ ይሆናል። ማጣራት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ስለዚህ አሲዱ የሚጣራው እንደ ተጠቃሚው ነው። ለኮላ መጠጥ የሚገባው አሲድ እጅግ ጥሩ ተደርጎ ይጠራል። ለከብት መኖ የሚሆነው ፎስፌት ፍሎሪኑ ከፎስፎረሱ ከመቶ አንድ እጅ እንዳይበልጥ ይደረጋል፤ ካልሆነ የእንስሳቱ ጥርስና አጥንት ይጐዳል። ለማዳበሪያ የሚሄደው አሲድ ግን በአብዛኛው እንደ ወጣ ነው። ከዚህም አልፎ፥ አሲዱ በሟሚ ፈሳሽ ሲጣራ በውኃው ውስጥ የሚቀረው ጕድፍ የበዛበት ተረፈ አሲድ ብዙ ጊዜ ወደ ማዳበሪያ ክፍል ይላካል። በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ ሱቅ የተደረደረው የኮላ ጠርሙስና በገበሬዎች ኅብረት ሥራ መጋዘን የተከመረው ጆንያ የአንድ ድንጋይ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያንደኛው ጕድፍ ግን ለሌላው ተርፎት ይሆናል።

ይህን ስል አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም፤ ሒሳቡን እንመልከት። የአውሮጳ ኅብረት በ2019 ባወጣው ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት፥ በፎስፌት ማዳበሪያ ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ ከ60 ሚሊግራም በላይ ካድሚየም መኖር የለበትም። አንድ ገበሬ በዚህ ወሰን ላይ ያለ ማዳበሪያ በሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ ቢያደርግ፥ በ46 ኪሎ ውስጥ 2.76 ግራም ካድሚየም በዓመት ማሳው ላይ አደረገ ማለት ነው። ይህ በመቶ ዓመት 276 ግራም ይሆናል። የአንድ ሄክታር የላይኛው ዐፈር ወደ 2 ሚሊዮን ተኩል ኪሎ ስለሚመዝን፥ በእያንዳንዱ ኪሎ ዐፈር የሚጨመረው ከመቶ ዓመት በኋላ ከሚሊግራም አንድ ዐሥረኛ እጅ ያህል ነው። ጥቂት ነው። ግን ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። አንደኛ፥ የገባው ካድሚየም በቀላሉ አይወጣም። ሁለተኛ፥ ዐፈር በኮመጠጠ ቍጥር ተክል ካድሚየምን ይበልጥ ይስባል። የጐጃም ደጋ ዐፈር ደግሞ ኮምጣጣ ነው።

በጐጃም ደጋ

ደብረ ማርቆስ፥ በቀድሞ ስሟ መንቆረር፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዓመት 1,300 ሚሊሜትር ያህል ዝናም ይዘንብባታል። የጮቄ ተራራ ባዛልት ድንጋይ በዚህ ዝናም ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲታጠብ፥ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ወደ ዓባይ ወርዶ፥ ብረቱና አሉሚኒየሙ በስፍራው ቀርቷል። የጐዛምን፥ የማቻከል፥ የስናንና ከዚያም ወዲያ የአዊ አገር ዐፈር የቀላው በዚህ ብረት ነው። በእነማይና በቢቸና በኩል ያለው ጥቍር ዋልካ ግን ሌላ ጠባይ ስላለው የዚህ ጽሑፍ ነገር አይመለከተውም።

በቀዩ ዐፈር ላይ የሚሆነው፥ በፋብሪካው ጋን ሥር የሚሆነው ነው። የፒ.ኤች. ልኩ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የተክሉን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፌት ሲመጣለትም ከብረት ጋር ሆኖ ይይዘዋል። በአንድ ኩንታል ዳፕ ውስጥ 20 ኪሎ ያህል ንጹሕ ፎስፎረስ አለ። ተክል በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 25 በመቶ ነው ይባላል፤ ይህም ከ2 እስከ 5 ኪሎ ማለት ነው። የቀረው በዐፈሩ ይታሰራል። የፋብሪካው ባለቤት ብረት የበዛበትን ድንጋይ አልገዛም ማለት ይችላል፤ የማቻከል ገበሬ ግን ማሳውን አልቀበልም ሊል አይችልም።

ይህ ነገር በጊዜው ለምን አልታሰበበትም የሚለው የታሪክ ጥያቄ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከእርሻ ሚኒስቴር ጋር በመሆን በኢትዮጵያ በሰፊው ማዳበሪያ መሞከር የጀመረው በ1959 ዓ.ም. ገደማ ነው። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትም በስዊድን እርዳታ በ1960 ዓ.ም. በአሰላ ሥራ ጀመረ። በዚያው በ1960 ዓ.ም. ግን ጐጃም በሌላ ነገር ተይዞ ነበር፤ ስለ እርሻ ገቢ ግብር የወጣው አዋጅ መሬታችን ሊለካ ነው የሚል ሥጋት አስነሥቶ፥ ገበሬው በመሣሪያ እስከ መቃወም ደረሰ። ከመንግሥት የሚመጣውን ሁሉ በጥርጣሬ ቢያይ አያስደንቅም። ሰፊው የማዳበሪያ ዘመን የተከፈተው ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ በሳሳካዋ ግሎባል 2000 ማሳያዎችና በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው የኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በዚያ ዘመን በስፋት የተሰጠው ምክር ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚል ነበር። ምክሩ ለማስታወስ ቀላል ነበር፤ ምርትንም በብዙ ቦታ ጨምሯል። ግን ለቢቸና ዋልካና ለስናን ቀይ ዐፈር አንድ ዐይነት ነበር። አገር አቀፍ የዐፈር ጥናት የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ድኝ የተጨመረበት ኤን.ፒ.ኤስ. የዳፕን ስፍራ የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ኤን.ፒ.ኤስ. ግን የድኝን ጕድለት እንጂ የዐፈርን ኮምጣጣነት አያድንም።

ኖራና ግብጦ

ለኮምጣጣ ዐፈር የታወቀው መድኃኒት ኖራ ነው። ኖራው አሉሚኒየሙን አዝቅጦ ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህም ከዘር በፊት ቀደም ብሎ መጨመር አለበት፤ ጕድፉ አስቀድሞ ካልተወገደ ፎስፌቱን ይዞ ይዘቅጣልና። ይህ ሥርዓት በፋብሪካም በማሳም አንድ ነው። የኖራ ድንጋይ በዓባይ በረሃ ሞልቷል፤ በደጀንም የኖራ መፍጫ ተተክሏል። ችግሩ ክብደቱ ነው። ለአንድ ሄክታር ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ቶን ኖራ ሲያስፈልግ፥ የማዳበሪያው ነገር በአንድና በሁለት ኩንታል ያልቃል። ማዳበሪያ ከሞሮኮ ጠረፍ ተጭኖ ስናን ሲደርስ፥ ኖራ ከደጀን ስናን ለመድረስ ይቸገራል።

ገበሬው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ገብስ እምቢ ባለው ማሳ ላይ እንግዶ ይዘራል፤ ባሕር ዛፍ ይተክላል። በአዊ በፋግታ ለኮማ በኩል ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክሎ፥ ከሰል አክስሎ፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ መሬቱን መልሶ ያርሳል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ግብጦ ነው። ሊቃውንት እንደ ደረሱበት፥ ነጭ ግብጦ ፎስፎረስ ሲቸግረው በሥሩ ላይ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የተንዠረገገ ሥር ያወጣል፤ ከዚያም ሲትሪክ አሲድ ያመነጫል። ይህ አሲድ ብረቱንና አሉሚኒየሙን ይዞ ፎስፌቱን ያስለቅቃል። ኬሚስቱ በዋይትሄቨን በውድ ሟሚ ይሠራው የነበረውን፥ በጆርፍ ላስፋርም የሚሠራውን መለየት፥ ግብጦ በቀይ ዐፈር ውስጥ በዝምታ ይሠራዋል ማለት ነው።

ግብጦ የራሱ ጕድፍ አለበት፤ እጅግ መራራ ነው። የጐጃም እናቶች ይቈሉታል፤ ከዚያም በጆንያ ቋጥረው በወራጅ ውኃ ውስጥ ለብዙ ቀን ይዘፈዝፉታል። መርዙ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ለቍርስ ይቀርባል፤ አረቄም ይወጣበታል። ደግሞ ደጋግሞ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ፋብሪካዎች ሚሊዮን ገንዘብ የሚያወጡበት ጥበብ መሆኑን ስናስብ፥ ይህን የቤት ሥራ በንቀት ልናልፈው አይገባም።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ሦስት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ የአሲድ መጥራት የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የዋጋ ጕዳይ ሆኖ ቆይቷል፤ ዘዴው ከታወቀ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ሲሆነው፥ የማዳበሪያው አሲድ ሳይጣራ የሚላከው ገዢው ስላልጠየቀ ነው። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሞሮኮ በድሬዳዋ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም ሲፈራረሙ የታሰበው፥ ፎስፎሪክ አሲዱ ከሞሮኮ እንዲመጣ፥ አሞኒያው ደግሞ ከአገራችን ጋዝ እንዲሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ውል በሚጻፍበት ጊዜ ሁሉ ስለ ካድሚየም ልክ አንድ አንቀጽ ማስገባት የሚከብድ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፥ በቀይ ዐፈር ላይ ከኖራ በፊት ማዳበሪያን ማስቀደም ፋብሪካው ኪሣራ ብሎ የሚቈጥረውን ሥራ በማሳ መድገም ነው። ገበሬው ብድሩን የሚከፍለው ለኩንታሉ ሙሉ ዋጋ ነው፤ ተክሉ ለወሰደው ለአምስተኛው እጅ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ለማዳበሪያ የሚታሰበው የመጓጓዣ ወጪ ለኖራም ሊታሰብለት ይገባል።

ሦስተኛው ለእኛ ለተማሪዎች ነው። በአዴት የምርምር ማእከልና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ግብጦ የሚዘራ ማሳ ሞልቷል። ከግብጦ በኋላ የተዘራ ስንዴ በቀይ ዐፈር ላይ ከታሰረው ፎስፎረስ ምን ያህሉን እንደሚያገኝ በየቀበሌው መለካት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሚዛን፥ የዐፈር መመርመሪያና ሁለት ክረምት ይበቃል። ከእኛ መካከል ይህን ሥራ የሚጀምር ቢገኝ፥ ውጤቱን በዚሁ ጽሑፍ ገጾች ላይ ለማንበብ ተስፋ አደርጋለሁ።